ጎዳናን ለሁሉም ደህና የሚያደርግ ዕቅድ ከወረቀት ዕቅድ በምን ይለያል?

ታዛቢ (ክሩን የከፈቱ)

ሰላም ለሁላችሁ፤

አንድ ከተማ ጎዳናዎቹን ለእግረኛውም፣ ለሳይክል ነጂውም፣ ለአሽከርካሪውም ደህና ለማድረግ ዕቅድ ሲያወጣ ሰነዱ ብዙውን ጊዜ የታወቀ መልክ ይይዛል። በመግቢያው የሟቾችና የቁስለኞች ቁጥር ይቀርባል፤ ቀጥሎ ግንዛቤ ማስጨበጫ፣ ሕግ ማስከበር፣ የባለድርሻ አካላት ቅንጅት የሚሉ ምዕራፎች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም እስከ አንድ የተወሰነ ዓመት ድረስ ሞትን በግማሽ የመቀነስ ግብ ይሰፍራል። በግማሽ የሚለው ግብ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ለመንገድ ደህንነት የተግባር አሥርት ብሎ ሲሰይም ያስቀመጠው ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ግቡ አይደለም። ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት ግብ ጽፈው አንዱ ሲሳካለት ሌላው ባለበት ሲረግጥ እናያለን። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ የትኛውን ገጽ ቀድመን እንክፈት?

የራሴን ላስቀድም። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ሰነዱ የአደጋን መንስኤ የገለጸበትን አንቀጽ ነው። አብዛኛው አደጋ የአሽከርካሪዎች ስህተትና የእግረኞች ግድየለሽነት ውጤት ነው ብሎ ካለፈ፣ የተቀረው መፍትሔ ሁሉ ወደ ምክርና ወደ ቅጣት ያዘነብላል። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው «ራዕይ ዜሮ» የተባለው አቅጣጫ የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ አካሉም ከተወሰነ ኃይል በላይ ምት አይችልም፣ ስለዚህ የስህተት ዋጋ ሞት እንዳይሆን መንገዱን የሚነድፈውና የሚያስተዳድረው አካል ኃላፊነት አለበት። ተጠቃሚው ሕግ ከማክበር ነፃ ይሁን ማለት አይደለም፤ ሕግ በተጣሰ ጊዜም ቢሆን ማንም እንዳይሞት አስቀድሞ ይታሰብ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ያልተቀበለ ዕቅድ ስሙ ምንም ቢሆን አዲስ ነገር አለው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። የእናንተን አስተያየት እጠብቃለሁ።

---

መንገድ ነዳፊ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሥራ ሲባል እንዲህ ያሉ ረቂቆችን ደጋግሜ አነባለሁ፤ እኔ ቀድሜ የምፈልገው አንድ ቃል «ፍጥነት» ነው፤ የሚገኝበትን ምዕራፍም አያለሁ። በቁጥጥር ምዕራፍ ብቻ ከተገኘ ያሳስበኛል፤ በንድፍ ምዕራፍ ከተገኘ ማንበቤን እቀጥላለሁ።

ምክንያቱን በስሌት ላሳይ። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፊት አንድ ሕፃን ድንገት ወጣ እንበል። አሽከርካሪው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው 8 ሜትር ይጓዛል፤ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 5 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር ነው። ያው መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዝ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ ቆሞ በሚገኝበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ ሕፃኑን የሚገጨው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። በሁለቱም መኪናዎች ውስጥ አሽከርካሪው አንድ ነው፤ ንቃቱም፣ መንጃ ፈቃዱም፣ የወሰደው ሥልጠናም አልተለወጠም። የመኪና የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ50 የሚመታው መኪና በ30 ከሚመታው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል የሚለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ ያወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኞችና ሳይክል ነጂዎች ከተሽከርካሪ ጋር በሚቀላቀሉባቸው አካባቢዎች የፍጥነት ጣሪያው 30 እንዲሆን የጠየቀው ስለዚህ ነው። ሆኖም ምሰሶ ላይ 30 የሚል ምልክት መስቀል ብቻውን ብዙ አይለውጥም። አሽከርካሪ ፍጥነቱን የሚመርጠው በአብዛኛው ከመንገዱ ቅርጽ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ሁለት ሦስት ረድፍ ያለው መንገድ ሠርተን «ቀስ በል» ብንል መንገዱ ራሱ «ንዳ» ይለዋል። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ የረድፍ ስፋት መጥበብ፣ በመታጠፊያ ላይ ያለው የጠርዝ ድንጋይ ኩርባ መጠበብ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ የተደረገ ማቋረጫ፣ በመንገዱ መሐል የማረፊያ ደሴት፣ እነዚህን እፈልጋለሁ። የመታጠፊያው ነገር ብዙ ሰው አይታየውም፦ ኩርባው ሰፊ ከሆነ መኪናው ሳይቀዘቅዝ ይታጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት በዜብራው ላይ እግረኛ አለ። ኩርባውን በጥቂት ሜትር ማጥበብ መሪውን አጥብቆ እንዲያዞርና እንዲቀዘቅዝ ያስገድደዋል፤ እግረኛው የሚያቋርጠውም ርቀት በዚያው ልክ ያጥራል።

---

ባለመሪው

ከሁላችሁም ጋር ላልስማማ ነው፤ ይቅርታ። ኑሮዬ መሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ውይይት በተከፈተ ቁጥር ጫናው ሁሉ ወደ አሽከርካሪው ይዞራል። እግረኛው ስልኩን እያየ በመንገድ መሐል ያቋርጣል፤ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለት ከሥሩ ይሮጣል፤ ሞተር ነጂው በቀኝም በግራም ይሾልካል። ያን ሁሉ ትተን መንገዱን አጥብበን ሁሉንም በ30 እናስኬድ ማለት ከተማን ማሰር ነው። ጊዜ የሚቃጠለው የማን ነው? የተሳፋሪው አይደለም ወይ?

---

መንገድ ነዳፊ

ባለመሪው፣ ያነሡት ሁሉ መልስ የሚገባው ነው፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው አይደለም። በሁለቱ ላይ ልመልስ።

ስለ ጊዜው፦ በከተማ ውስጥ የጉዞን ርዝመት የሚወስነው በብዛት በመስቀለኛ መንገድ የሚባክነው ጊዜ እንጂ በሁለት መብራቶች መካከል የሚደረስበት ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም። በ50 ደርሶ ቀይ መብራት ላይ የሚቆም መኪና፣ በ30 እየተጓዘ ከኋላው ከሚደርሰው ጋር አብሮ አረንጓዴ ይጠብቃል፤ ይህን ከእኔ በተሻለ እርስዎ ያውቁታል። ከዚህም ሌላ 30 ይሁን የሚባለው በሁሉም መንገድ ላይ አይደለም። እግረኛ የማይደርስበት ፈጣን አውራ ጎዳና የራሱ ሥርዓት አለው። ዕቅዱ መንገዶችን እንደ አገልግሎታቸው መለየት አለበት፤ ብዙ ሞት የሚደርሰው ደግሞ በመካከላቸው ባለው ዓይነት ነው፦ እንደ አውራ ጎዳና ተነድፎ እንደ ሰፈር መንገድ በሚያገለግለው፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ዳርና ዳር በተሰለፉበት ሰፊ መንገድ ላይ።

ስለ ድልድዩ፦ ሰው ከሥሩ የሚሮጠው ባለጌ ስለሆነ አይመስለኝም። በአሥራ አራት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ማዶ ትቶ ደረጃ እንዲወጣ፣ እንዲሻገር፣ እንደገና እንዲወርድ ሲጠየቅ መንገዱን እጥፍ እያደረግንበት ነው። ሸክም የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ጉልበቱ የታመመ ሰው ባይወጣ አይፈረድበትም፤ በዊልቸር የሚሄድ ደግሞ ተዳፋት መወጣጫ ወይም አሳንሰር ከሌለው ጭራሽ አይችልም። ድልድይ ለፈጣን አውራ ጎዳና ይሆናል። በከተማ መንገድ ላይ ግን የሚጠቅመው በዋናነት መኪናው ሳይቆም እንዲያልፍ ነው፤ ወጪው ግን «ለእግረኛ ደህንነት» በሚለው ርዕስ ሥር ይመዘገባል። በረቂቅ ውስጥ ይህን ባየሁ ቁጥር ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ።

---

ነጭ በትር

ሁለቱም ወገኖች ስለ እግረኛ ሲናገሩ የሚያይ፣ የሚሰማና በፍጥነት የሚራመድ ሰው በአእምሯቸው ያለ ይመስለኛል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ «ለሁሉም» የሚለው ቃል በርዕሱ ላይ ካለ በውስጡ ማን እንደ ተቆጠረ መጠየቅ ግዴታዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ መብራት ጊዜ። በብዙ አገሮች የእግረኛ አረንጓዴ የሚሰላው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል በሚል ግምት ነበር። መንገዱ 14 ሜትር ስፋት ካለው 12 ሰከንድ ያህል ይበቃል ማለት ነው። አንድ አዛውንት በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢራመዱ ግን በ12 ሰከንድ የደረሱበት 9.6 ሜትር ላይ ነው፤ መብራቱ ሲቀየር ከአራት ሜትር በላይ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ረድፍ ይቀራቸዋል። አንዳንድ አገሮች ግምቱን ዝቅ አድርገዋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰከንድ ወደ 1.07 ሜትር ገደማ አውርዳዋለች። የከተማው ዕቅድ በየትኛው ቁጥር እንደሚያሰላ በአንድ መስመር ሊጻፍ የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ሁለተኛው በእግር የሚነበበው ንጣፍ ነው። ይህን ንጣፍ የፈጠሩት ጃፓናዊው ሴይኢቺ ሚያኬ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ተነጠፈ። ረዣዥም መስመሮች ያሉት «ቀጥል» ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ቁም፣ ከፊትህ አደጋ ወይም ማቋረጫ አለ» ይላል። ሁለቱ ከተቀያየሩ ወይም ንጣፉ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከምሰሶ ጋር የሚያላትም ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር። ከእግረኛ መንገድ ጋር እኩል የተደረገውን ማቋረጫም በተመለከተ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በዊልቸር ለሚሄደው ድንቅ ነው፤ ለእኔ ግን የጠርዙ ከፍታ ሲጠፋ የእግረኛ መንገዱ የት አልቆ አስፋልቱ የት እንደ ጀመረ የሚነግረኝ ነገር አብሮ ይጠፋል። ንጣፉ በዚያ ቦታ ላይ ጌጥ አይደለም። መንገድ ነዳፊ፣ ረቂቁን ሲያነቡ ይህንንም ከዝርዝርዎ ውስጥ ቢያስገቡት ደስ ይለኛል።

---

መንገድ ነዳፊ

አስገብቼዋለሁ። ልክ ነዎት፤ ከፍ ያለ ማቋረጫ ያለ ንጣፉ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

---

የልጆች እናት

አጭር ነገር ልጨምር። ልጆች ዜብራ ጫፍ ላይ ቆመው የሚመጣውን መኪና የማያዩት ከዜብራው አጠገብ የቆመ ሌላ መኪና ስለሚጋርዳቸው ነው። ሹፌሩም አያያቸውም፤ ቁመታቸው ከመኪናው አፍንጫ አይበልጥም። ከተማው በማቋረጫ ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር መኪና እንዳይቆም ቢከለክልና ቦታውን በምሰሶ ወይም በአበባ ማስቀመጫ ቢዘጋው ወጪው ምን ያህል ነው? ይህን የሠራ ከተማ አለ?

---

ታዛቢ

አለ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ያለችው ትንሿ ሆቦከን በትክክል ይህን በየመገናኛው አድርጋለች፤ የማዕዘኑን ቦታ ከቆመ መኪና አጽድታ በምሰሶ፣ በሳይክል ማቆሚያና ዝናብ በሚያሰርጉ የአትክልት መደቦች ሞልታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ ከሰባት ዓመት በላይ በጎዳናዎቿ ላይ አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተም። በእርግጥ ትንሽና የተጨናነቀች ከተማ ናት፤ የፍጥነት ጣሪያዋንም ዝቅ አድርጋለች፤ ሁሉንም ለማዕዘኑ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ከተማዋ አነስተኛ ስለሆነች ነው ለሚል የፊንላንዷን ሄልሲንኪን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በተጠናቀቀ አንድ ሙሉ ዓመት ውስጥ በዚያች ዋና ከተማ ማንም በትራፊክ አልሞተም። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መንገዶቿ ላይ ጣሪያው 30 ነው። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎም እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ ወይም ሳይክል ነጂ አልሞተባትም። ሦስቱም በጎዳናቸው ቅርጽ ላይ ለዓመታት የሠሩ ናቸው።

---

ድንገተኛ ክፍል

በአምቡላንስ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ክር ሁለት መልክ አለው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በበዛ ቁጥር የእኛ ጉዞ ይዘገያል፤ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ይዞ ጉብታ ላይ መውጣትና መውረድ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ መንገር ይከብዳል፤ ሹፌሩ በእግር እርምጃ ያህል ቀዝቅዞ፣ አንዱ ባለሙያ የታካሚውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚታለፈው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ባልደረቦቼ ዕቅዱን በሙሉ ይቃወማሉ።

እኔ አልቃወምም፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አምቡላንስና እሳት አደጋ መኪና የሚያዘወትሯቸው መስመሮች አስቀድመው በካርታ ይለዩ፤ በእነዚህ ላይ ወጥ ጉብታ ሳይሆን የተከፋፈለው ዓይነት ይሠራ። በክፍልፋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለሰፊው የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ጎማ እንዲስማማ ተለክቶ ስለሚተው እኛ እናልፋለን፤ የቤት መኪና ግን ቢያንስ በአንድ ወገን ጎማው መውጣቱ አይቀርም። የሚያስገርመው ስለ ንድፉ የድንገተኛ አገልግሎት ሰዎች የሚጠየቁት ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

---

ባለመሪው

ይህ የተከፋፈለው ጉብታ ለአውቶቡስም ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አልቃወምም። የምቃወመው በሌሊት ያለ ቀለምና ያለ ምልክት የሚሠራውን፣ ሲደርሱበት ብቻ የሚታየውን ነው።

---

ቁጥር ወዳድ

እስካሁን ስለ ንድፍ ተነጋግረናል፤ እኔ ስለ መዝገቡ ልናገር፤ ምክንያቱም ዕቅድ የሚሳካው ወይም የሚወድቀው መጀመሪያ የት እንደሚሠራ በመረጠበት ቦታ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ የሞቱት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ የመጀመሪያው ገዳይም ይኸው ነው። ድርጅቱ ግምት የሚያወጣው በብዙ አገሮች የፖሊስ መዝገብ ከእውነተኛው ስለሚያንስ ነው። የሚያንስበት አንዱ ምክንያት በትርጉም ላይ ነው፦ በስፋት ተቀባይነት ባለው ልማድ አንድ ሰው አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ከሞተ የመንገድ ሟች ይባላል፤ ፖሊስ ግን ቦታው ላይ የሞተውን ብቻ መዝግቦ ፋይሉን ከዘጋ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ያረፈው በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይገባም። ሌላው፣ ማንም ሳይገጨው በተሰበረ የእግረኛ መንገድ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ አዛውንት ወይም ጉድጓድ ሲሸሽ የወደቀ ሳይክል ነጂ ለፖሊስ አያመለክትም፤ ሆስፒታል ግን ያውቀዋል። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ የፖሊስና የሆስፒታል መዝገብ ይገናኛል የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ በካርታው ላይ ቀይ የተደረጉት ቦታዎች ፖሊስ የቆመባቸው ቦታዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ሞት በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆጠር፣ ደግነቱ፣ ትንሽ ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት፣ ዘንድሮ ዜሮ ከሆነ «መቶ በመቶ ቀነሰ» ማለት ስሌት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ኒው ዮርክ «ራዕይ ዜሮ»ን እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምራ እስከ 2018 ድረስ የሞት ቁጥሯ ቀነሰ፤ በ2021 ግን ዕቅዱ ከተጀመረ ወዲህ ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ሰው ሞተ። የኮቪድ ወረርሽኝ የራሱ ድርሻ ነበረው። ቢሆንም መርሁ ተይዞ የመንገዶቹ ቅርጽ በበቂ ሁኔታ ካልተለወጠ ውጤቱ በአንድ መጥፎ ዓመት እንደሚናድ ያሳያል።

---

ታዛቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመንገድ ነዳፊ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ከተሞች ብዙ ጊዜ «በጀት የለንም፣ መንገዱን እንደገና ለመሥራት አሥር ዓመት ይፈጃል» ይላሉ። ይህ ሰበብ ነው ወይስ እውነት? አስተያየት ስንጽፍስ ምን ብለን እንጠይቅ?

---

መንገድ ነዳፊ

ግማሹ እውነት ነው። የጠርዝ ድንጋይ ማንሣት፣ የፍሳሽ መስመር ማዛወር፣ መብራት መትከል ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። ግን ከሚፈለገው ለውጥ አብዛኛውን በቀለም፣ በጎማ ማገጃና በሚነቀል ምሰሶ በሳምንታት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የመታጠፊያውን ኩርባ በቀለምና በምሰሶ ማጥበብ፣ የመሐል ደሴትን በተንቀሳቃሽ ማገጃ መሥራት፣ የልጆች እናት የጠየቁትን የማዕዘን ክፍት ቦታ መዝጋት፣ እነዚህ ሁሉ አስፋልት ሳይቆፈር ይሆናሉ። የተሳሳተ ከሆነ ይነቀላል፤ ከሠራ በድንጋይ ይተካል። አራት መንገድ የሚገናኝበትን መስቀለኛ ወደ አንድ ረድፍ አደባባይ መለወጥም ቢሆን መጀመሪያ እንዲህ ሊሞከር ይችላል፤ ትርፉ ትንሽ አይደለም፣ የተሽከርካሪዎች መስመሮች የሚቆራረጡባቸው፣ የሚቀላቀሉባቸውና የሚለያዩባቸው ነጥቦች ከ32 ወደ 8 ይወርዳሉ።

አስተያየት ስትጽፉ «ተጨማሪ ትኩረት ይሰጥ» አትበሉ፤ ለእንዲህ ያለው «ተቀብለነዋል» ተብሎ ይመለሳል፤ ያበቃለታል። መንገዱን በስሙ ጥቀሱ፤ በየትኛው ወር ምን እንደሚሠራበትና ለሥራው የተመደበው ባለሙያና በጀት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያም ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ከሦስት ወር በኋላ የመኪኖች ፍጥነት እንዲለካ፣ አማካዩ ብቻ ሳይሆን 85 በመቶው አሽከርካሪ የማይበልጠው ፍጥነትም በይፋ እንዲወጣ ጠይቁ። ቁጥር ወዳድ እንዳሉት በአንድ መንገድ ላይ ሞትን ቆጥሮ ለመፍረድ ዓመታት ያስፈልጋል፤ ፍጥነትን ለመለካት ግን አንድ ቀን ይበቃል። ያ ቁጥር ወደ 30 ካልወረደ ምልክቱ ተሰቅሏል እንጂ መንገዱ አልተለወጠምና፣ የሚነቀለው ምሰሶ ተነቅሎ ሌላ ቅርጽ ይሞከር።

---

ነጭ በትር

በዚያ መለኪያ ቀን አንድ ሰው ሰዓት ይዞ አረንጓዴው ሳይጠፋ ማን እንደተሻገረና ማን መሐል ላይ እንደቀረ ይቁጠር። ለእሱም ከአንድ ቀን በላይ አያስፈልግም።